የምትዋኘው መኪና

ሰፈር ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ጨፋኙ» ነው የሚሉት። ጋራዡ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ደጃፉ ላይ ያረጁ ጎማዎች ተደራርበዋል። የላይኞቹ አፈር ተሞልተው አበባ ይዘዋል። የተከለችው ሚስቱ ነበረች፤ አሁን ውኃ የሚያጠጣው እሱ ነው። ጠዋት የሥራ ልብሱን ሳይለብስ፣ በቆርቆሮ ጣሳ፣ ዝም ብሎ ያጠጣል።

ሥራው ከሌሎቹ መካኒኮች ሥራ ለየት ይላል። ሞተር አይነካም። አልነሣ ያለውን፣ የሚያጨሰውን፣ ዘይት የሚያፈሰውን ለጎረቤቶቹ ይመራል። እሱ ዘንድ የሚመጣው ቆሞ ሲያዩት ደህና፣ ቀስ ብሎ ሲሄድም ደህና፣ ሲፈጥን ግን ሌላ ፍጥረት የሚሆን መኪና ነው። ዘጠና ሲሞላ መሪው የሚንቀጠቀጥ አለ። መቶ ሲያልፍ ወደ አንድ ጎን የሚያደላ አለ። ነፋስ ሲመታው ከመንገዱ ሸሸት የሚል አለ። እንዲህ ያለው ሕመም መኪናውን የጋራዥ ጉድጓድ ላይ አቁመው ዓመት ቢያዩት አይታይም፤ መንገድ ይወዳል፣ ፍጥነት ይወዳል።

ሌላው መካኒክ እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣለት መሪውን ጨብጦ ይወጣና ሞክሮ ይመለሳል። ጨፋኙ መሪ ከያዘ አይሰማውም። እጅ ጥሩ አገልጋይ ነው ይላል፤ ጌታው ሳያዘው ይታዘዛል። መኪናው ጎተት ሲያደርግ እጅ ሳይናገር ይመልሰዋል፣ ሲንሸራተት ይደግፈዋል፣ ባለቤቱም ምንም የለም ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ እሱ ሌላ ሰው ያስነዳል። ራሱ ከጎን ይቀመጥና ጫማውን ያወልቃል። በካልሲ ብቻ እግሩን ወለሉ ላይ ያሳርፋል፣ መዳፉን መቀመጫው ጠርዝ ላይ ይዘረጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል።

ያን ጊዜ መኪናው ለብቻው ይቀራል። ከፊት ጎማ የሚመጣው ነገር በእግሩ መዳፍ ይገባል፤ ከኋላው የሚመጣው በመቀመጫው በኩል ወገቡ ላይ ይወጣል። ድልድይ ሲመጣ ድምፁ ባዶ ይሆናል፣ ድልድዩ ሲያልቅ ይሞላል። ዛፎች በተሰለፉበት ጥላው ጉንጩን እየነካ ያልፋል፤ ቀዝቀዝ፣ ሞቅ፣ ቀዝቀዝ፣ ሞቅ። በዚያ ጨለማ ውስጥ መንገዱ እንደ ተጠቀለለ ጨርቅ ከበታቹ ሲዘረጋ ይሰማዋል፤ ጨርቁ ላይ አንድ ቋጠሮ ካለ ያውቀዋል።

የምትነዳው ሚስቱ ነበረች። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ሆና ነበር የተዋወቁት። አውቶቡሷ በፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጥባት ነበር፤ ለየጋራዡ ስታሳይ ግን «አውቶቡሱ ደህና ነው፤ የሴት እጅ ሆኖ ነው» እያሉ ይመልሷታል። እሱ ያኔ በአንዱ ጋራዥ ጎማ የሚፈታ ወጣት ነበር። ይዘሽኝ ውጪ አላት። ገና ከከተማው ሳይወጡ ዞር ብላ አየችው።

«ዓይንህን ጨፍነህ ነው እንዴ የምትሄደው?»

«ካልጨፈንኩ እፈራለሁ።»

ኋላ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ «ያው ያኔ እንደጨፈነ ነው ያገባኝ» ትል ነበር። እሱም «ብገልጥማ» ይልና ይተወዋል።

ለየሕመሙ ስም ያወጣችው እሷ ናት። በአንድ ፍጥነት ላይ ብቻ ተንቀጥቅጣ ከዚያ ሲያልፉ ዝም የምትለዋን «ብርድ ብርድ የሚላት» አለቻት፤ ያቺ የጎማ ሚዛን ነው የጎደላት። ሳይነኳት ወደ አንድ ወገን የምትሄደዋን «አድሏዊት» አለቻት። ነፋስ ሲነካት የምትወዛወዘው፣ መሪ ሲያዞሩላት ዘግይታ የምትመልሰው ደግሞ «የምትዋኘው» ናት። ከሁሉ የሚከፋው ይሄ ነው፤ ምክንያቱ ብዙ ቦታ ሊሸሸግ ይችላል። ስሞቹ ከግቢው ወጥተው በሰፈሩ ጋራዥ ሁሉ ተለመዱ።

ከባለመኪኖች ጋር የምታወራውም እሷ ነበረች። እሱ ጫማውን ሲፈታ እሷ ኮፈኑን ተደግፋ ትጠይቃለች። ማን ተሳፍሮ ነበር፣ ምን ጭነህ ነበር፣ ዝናብ ነበር ወይ፣ ከኋላ ማን ተኝቶ ነበር። እሱ ያንን ወሬ እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ነበር የሚሰማው።

ካረፈች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። በሕመም ነው፤ ብዙ አልቆየችም። ከዚያ ወዲህ እሱ ጎማ ሚዛንና አላይመንት ብቻ ይሠራል፤ ማሽኑ ራሱ ቁጥር የሚያሳይበትን፣ በዓይን የሚታየውን ሥራ። በፍጥነት ላይ ያመመው መኪና ሲመጣለት፣ «የመንገድ ሙከራ ትቻለሁ» ይላል። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። የልብስ ስፌት ማሽን ትጠግናለች። በየትንንሹ ከተማ ያሉ ልብስ ሰፊዎች የተበላሸባቸውን ማሽን ከእግሩ ፈትታ ብረቱን ብቻ ጭና ታመጣለች፣ በኪራይ ክፍሏ ትፈታታለች፣ ሐሙስ ሐሙስ መልሳ ታደርሳለች። የምትነዳው የእናቷን መኪና ነው፤ ከኋላ ሰፊ የዕቃ ቦታ ያላት፣ ቀለሟ የደበዘዘ የቤት መኪና።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ ጋራዡ መጣችና ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሰላምታዋ አጭር ነበር። እሱ የያዘውን ጎማ አስቀመጠ።

«ምነው እናቴ?»

«መኪናዋ ትዋኛለች አባዬ።»

«የት ላይ?»

«ሜዳው ላይ፣ ዛፎቹ ካለቁ በኋላ። ነፋሱ ሲመታት ትንሽ አዞርኩላት፣ ዝም አለች። ከዚያ ዘግይታ መጣች፤ ከፈለግኩት በላይ። ልመልሳት ስል ደግሞ ወደዚያ ሄደች። ከፊቴ የጭነት መኪና እየመጣ ነበር።»

ጣቶቿን አንድ በአንድ እየጎተተች ነበር፤ እናቷም ስትደነግጥ እንዲያ ነበር የምታደርገው።

«ሐሙስ እንዳትሄጂ» አላት።

«እሄዳለሁ። ከልብስ ሰፊዎቹ አንዷ በማሽኗ ብቻ ነው የምትበላው፤ ሌሎቹም እንደዛው። አንተ ሥራት።»

ግትር ናት። ከማን እንደወረሰችው ሁለቱም ያውቃሉና አልተከራከራትም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ጊዜ ግን ደረቱ ላይ ተቀመጠ። ሕመሙን ካላገኘላት ያቺኑ ሜዳ፣ ያንኑ ነፋስ፣ ያንኑ የጭነት መኪና ይዛ ትወጣለች።

ማክሰኞ ጠዋት መኪናዋን አመጣችለት። ታጥባለች፣ ውስጧ ተጠርጓል። እሱ በክሪክ አነሣት። የፊት ጎማዎቹን ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ ነቀነቀ፤ የመሪው መገጣጠሚያዎች ጥብቅ ናቸው። ኩሽኔታውን አሽከርክሮ አደመጠ፤ አያጉረመርምም። ጎማዎቹን ሚዛን ላይ አወጣ፣ ነፋሳቸውን ለካ። ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ ራሱ መሪውን ይዞ ወደ ሜዳው ወጣ። መኪናዋ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብላ ሄደች፣ ቀጥ ብላ ተመለሰች።

ከጎኑ ባለው ግቢ መኪና ቀለም የሚቀባ ሰው አለ። የድሮ ወዳጁ ነው፤ ምላሱ አያርፍም። ሲመለስ ከአጥሩ ወዲያ አንገቱን አስግጎ ጠበቀው።

«እህሳ፣ ዋኘች?»

«አልዋኘችም።»

«እንግዲያው ዋናተኛዋ ልጅህ ናት።»

«ሂድ ቀለምህን ቀባ።»

«እየቀባሁ ነው። ደግሞ ዓይኔን ገልጬ ነው የምቀባው።»

ማታ ልጁ ስትመጣ ምንም እንደሌለባት ነገራት። አለባት፣ አለችው። ዞር ብሎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ምናልባት ደክሞሽ ይሆናል» አላት። «መሪውን አጥብቀሽ ስትይዥው እጅ አንዳንዴ…»

አላስጨረሰችውም። ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም።

«እማዬን ጋራዥ ለጋራዥ ሲያመላልሷት ያሏትን ነው እኮ የምትለኝ።»

ጨርቁን ያዘ፣ ለቀቀ።

«እውነትሽን ነው» አላት። «ነገ በጠዋት አንቺ ንጂ፤ እኔ ከጎን እቀመጣለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት ወጡ። ሰማዩ እንደ ወተት ነጣ ብሏል። ጫማውን ፈታ፣ እግሩን ወለሉ ላይ አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ፤ ዓይኑ ወዲያው በራሱ ጊዜ ተገለጠ። እንደገና ጨፈነ። አሁንም ተገለጠ። ልጁ የምትነዳው እንደ እናቷ አይደለም፤ ማርሽ ዘግይታ ነው የምትቀይረው፣ ወደ መታጠፊያ ስትጠጋ ትንፋሿን ትይዛለች። ሰውነቱ የለመደውን እጅ ይፈልግ ነበር።

«ታፈጣለህ አባዬ።»

«መንገዱን እያየሁ ነው።»

«እማዬ ስትነዳ ታይ ነበር?»

ከተማው አለቀ፣ ድልድዩ መጣ፤ ድምፁ ባዶ ሆነ፣ ሞላ። ዛፎቹ ላይ ሲደርሱ ጥላው ጉንጩን ነካው፤ ቀዝቀዝ፣ ሞቅ። ዓይኑ መቼ እንደተከደነ ራሱ አላወቀም። ከእንቅልፍም ከንቃትም ያልሆነ፣ ሞቃት ውኃ ውስጥ እንደመንሳፈፍ ያለ ነገር ወሰደው። ከጎኑ ማን እንደሚነዳ ለጥቂት ጊዜ ጠፋው። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የሚናገረው ለማን እንደነበር ሲያውቅ መልሶ ዘጋው። እጁ መቀመጫው ጠርዝ ላይ ቆየ፤ ጨርቁ ከፀሐይ ብዛት ሻክሯል።

ዛፎቹ አለቁ፤ ነፋሱ ገባ። መኪናዋ አልዋኘችም። ከፊት የሚመጣው ንጹሕ ነው። ከኋላ ግን፣ አስፋልቱ በተጋጠመበት ሁሉ፣ ጀርባዋ እንደ ባዶ ጣሳ ኮርኮር ይላል፤ ተነሥታ ነው የምታርፈው። ደግሞ የስፌት ማሽን ዘይት ይሸታል። ሽታው ምንጣፉን ሁሉ ይዟል፤ ማሽን ግን አንድም አይንኳኳም።

ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ከኋላ ምን አለ?» አላት።

«ምንም የለም።»

«ሰኞ ዕለትስ?»

«ማሽኖቹ ነበሩ።»

«ብዙ?»

«እስከ መስኮቱ ድረስ።»

አሁን ዓይኑን ገለጠ። «ታዲያ የት ሄዱ?»

«አወረድኳቸዋ። መኪና ለመካኒክ ስትሰጪ አራግፈሽ፣ ጠርገሽ ስጪ፤ ኮተትሽን አታሸክሚው ትል አልነበር እማዬ?» ቀጥላም፣ «አንተም አልጠየቅከኝም» አለችው።

«እኔ ጠይቄ አላውቅም» አለ። «የምትጠይቀው እሷ ነበረች።»

ልጁ ነዳጁን ቀነስ አደረገች። መኪናዋ እየዘገመች፣ ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ እያፏጨ ሄዱ። ጨፋኙ ከሆዱ የሚመጣ ነገር ተሰማው፤ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሳቅ ሆኖ ወጣ። እሷም ቀና ብላ አይታው ሳቀች። መሳቂያው የቱ ጋ እንደሆነ አንዳቸውም አልተናገሩም።

«አዙሪ» አላት። «ጭነን እንምጣ።»

ማሽኖቹን ከክፍሏ ሲያወጡ ቀለም ቀቢው በዚያ ሲያልፍ አገኛቸውና፣ ሳይለምኑት አንዱን ከባድ ብረት አቅፎ ተሸከመ።

«ይሄ ሰውዬ ጭራሽ ልብስ ስፌት ጀመረ?» አላት ልጅቷን።

«ለእርስዎም ሱሪ ይሰፋልዎታል ጋሼ።»

«ዓይኑን ጨፍኖ የሰፋውን ሱሪ እኔ አልለብስም ልጄ።»

ሲጭኑ ጨፋኙ ቆሞ ያያል። ልክ ሰኞ እንደነበረው አድርጋ እንድትጭን ነገራት፤ ከባዶቹ ማሽኖች ወደ በሩ፣ ከኋላ ጫፍ ናቸው። መኪናዋ ቀስ በቀስ ቁጢጥ አለች፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና አለ።

አሁን ሲወጡ ዓይኑ አልታገለውም። ከድልድዩ ጀምሮ ሌላ መኪና ነበረች፤ ጠለቅ ያለች፣ ከባድ፣ ጀልባ ነገር። ዛፎቹ አለቁ። ነፋሱ ከጎን ገፋ።

«ስንት ላይ ነሽ?»

«ዘጠና አምስት።»

«ከፊት ሰው አለ?»

«መንገዱ ባዶ ነው።»

«እስቲ መሪዋን ወደ ግራ ነካ አድርጊያት። እንደማባበል፣ ብዙ አይደለም።»

ነካቻት። አፍንጫዋ ሄደ። ከዚያ አንድ አፍታ ምንም የለም። ከአፍታው በኋላ ከወገቡ ሥር፣ ከኋላ፣ ስሙን ጠርተውት ዘግይቶ እንደሚገላበጥ እንቅልፋም ሰው አንድ ከባድ ነገር ተንሸራተተ። ተንሸራትቶም አልቆመም፤ መኪናዋን በራሱ ፈቃድ ወደ ጎን ገፋት። የፊት ጎማዎቹ አንድ መንገድ ይዘዋል፣ የኋላዎቹ ሌላ ሐሳብ አላቸው። ሰኞ ዕለት ልጁ ብቻዋን ሆና የያዘችው ይህን ነው። እጆቿ በዚህ ላይ ነበሩ።

«መጣች» አለች ልጁ፤ ድምፅዋ ቀጠነ።

«አውቄያታለሁ። ፍሬን እንዳትነኪ። እግርሽን ብቻ ከነዳጁ አንሺ። መሪውን አትታገይው፣ ቀጥ አድርገሽ ያዥው። እንዲያ ነው። እንዲያ ነው እናቴ።»

መኪናዋ ግራና ቀኝ አለች፣ ከዚያ እየሰከነች መጥታ ከመንገዱ ዳር ቆመች። ሣሩ በነፋሱ እየተኛ ይነሣል።

«እጅሽ አይደለም» አላት።

ጋራዥ ሲደርሱ ማሽኖቹን ሳያወርዱ ጉድጓዱ ላይ አቆሟት። ትናንት መኪናዋን አንሥቶ ነበር ያያት፤ ስትነሣ የኋላ እግሮቿ ይንጠለጠላሉ። አሁን ግን በጎማዋ ቆማ፣ ሸክሟን እንደያዘች፣ ከሥሯ ገባ። የኋላውን ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት ከአካሏ ጋር የሚያያዘው በሁለት ወፍራም የላስቲክ ትራሶች፣ ጋራዥ ቤት ጎሚኒ በሚባሉት ነው። የቀኙ ጎሚኒ በላይ በኩል ተቀዷል። መኪናዋ ስትንጠለጠል ቅዱ ይገጥማል፤ ባዶዋን ስትሆንም ጎሚኒው እንደምንም ይይዛል። ሸክም ሲበዛና ፍጥነት ሲጨመር ግን ቅዱ ይከፈታል፣ ብረቱ በዚያ በኩል ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የኋላ ጎማዎቹም መሪ እንደተሰጣቸው ሁሉ ወደፈለጉት ይዞራሉ።

ልጁን ወደ ጉድጓዱ ጠራት። በብረት ዘንግ ደገፍ አድርጎ አሳያት፤ ቅዱ እንደ አፍ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

«ትናንት ለምን አላየኸውም?» አለችው።

«አልተከፈተልኝም።»

ሁለቱንም ጎሚኒዎች ቀየረ። ያረጀው በቀላሉ አልወጣለትም፤ ልጁ ጉድጓዱ ውስጥ ከጎኑ ቁጢጥ ብላ መብራት ያዘችለት። ማሽን ጠጋኝ ናትና ዝም ብላ አላየችም። «ያንን ቅባው እንጂ» ትለዋለች፣ «ከዚህ በኩል ብትመታው ይሻላል» ትለዋለች። አንዴ ትክክል ሆነች፤ አላመሰገናትም፣ መዶሻውን ግን ሰጣት። ከዚያ የኋላ ጎማዎቹን ነፋስ ለሸክሙ በሚበቃው መጠን ጨመረ። ማሽኖቹንም አውርደው እንደገና ጫኑ፤ አሁን ከባዶቹ ወደ ፊት፣ ከመቀመጫው ጀርባ ተጠግተው፣ ቀላሎቹ ወደ በሩ። የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ቦታው ወረደ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ለመጨረሻው ሙከራ ወጡ። ብርሃኑ የማር ቀለም ይዞ ሜዳው ላይ ተኝቷል። ጫማውን ፈታ፣ ጨፈነ። ድልድዩ፣ ዛፎቹ፣ ነፋሱ። ወደ ግራ ንኪያት አላት፤ ነካቻት፤ አፍንጫዋም ጀርባዋም አብረው ሄዱ። ወደ ቀኝ አላት። አብረው ተመለሱ። መቶ አድርሺያት አላት፣ ከዚያም አስጨመራት። አንድ የጭነት መኪና ከፊት መጥቶ ጎናቸውን ታክኮ አለፈ፤ የነፋሱ ግፊት መጣ፣ መኪናዋ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ዝም አለች። ልጁ ትንፋሿን አለመያዟን ሰማ።

«እህሳ?» አለችው።

«ጠብቂ።»

ጠበቀች። እሱ የሚሰማ ነገር እየፈለገ አልነበረም፤ የሚሰማውን ሰምቶ ጨርሷል። ከእግሩ ሥር ጨርቁ እየተዘረጋ ነበር፣ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ቋጠሮ የሌለው። ልጁ ማርሽ ቀየረች፤ ዘግይታ፣ እንደ ልማዷ። ዘግይታ መቀየሯን አሁን ሳይገረም ተቀበለው።

«ደህና ናት» አለ። «ነገ ሂጂ።»

«ከዚያ ምልክት ጋ ልዙር?»

ዓይኑን ገለጠ። ይህን መንገድ ከሚስቱ ጋር ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ ተመላልሶበታል፤ ከሙከራው ጫፍ ወዲያ ምን እንዳለ ግን አንድም ቀን ልብ ብሎ አላየም። ዝቅ ያለ ኮረብታ ነበር፣ ኮረብታው ላይ ነጭ ግድግዳ ያለው ቤት፣ ከቤቱ ፊት በገመድ የተሰጣ ልብስ። መንገዱ በቤቱ ጎን አልፎ ይወርዳል።

«ያቺ በማሽኗ የምትበላው ልብስ ሰፊ፣ ማሽኗን የጨረስሽላት፣ የት ነው ያለችው?» አላት።

«ከኮረብታው ወዲያ፣ ሁለተኛው ከተማ። ለምን?»

«የእሷን ማሽን እንኳ ዛሬ ብናደርስላት?»

ልጁ ዘወር ብላ አየችው። «ጫማህን አድርገሃል?»

«ስንደርስ አደርጋለሁ። አንቺ ፊትሽን እያየሽ ንጂ።»